ዶክተር ዛኪር ሁሴንና ሊዘጋ የነበረው ትምህርት ቤት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በታሪክ ክበብ አባሎች የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው በዓል ንግግር እንድናዘጋጅ በታዘዝን ጊዜ ስለ ምን እንናገር ብለን ብዙ ተከራከርን። ከመካከላችን አንዱ፣ አያቱ ሒሳብ የተማሩት ከሕንዳዊ መምህር እንደ ነበር ቢያነሣ፣ ሌሎቻችንም ከየቤታችን ተመሳሳይ ወሬ አመጣን። በዚያ ዘመን በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብዙ የሕንድ መምህራን ያስተምሩ ነበርና። እንግዲያውስ ስለ አንድ የሕንድ መምህር እንናገር ብለን ተስማማን።

የመረጥናቸው ሰው ዶክተር ዛኪር ሁሴን ናቸው። በመጨረሻ የአገራቸው ፕሬዚዳንት ሆነዋል፤ እኛን የሳበን ግን ሹመታቸው ሳይሆን፣ አንድ ድኻ ትምህርት ቤት ይዘው ሃያ ሁለት ዓመት መቆየታቸው ነው። ዓመቶቹን የምንጠራው በኤውሮፓ አቈጣጠር ስለ ሆነ ግር እንዳይላችሁ።

ዛኪር ሁሴን በ1897 በሃይደራባድ ከተማ ከሙስሊም ቤተ ሰብ ተወለዱ። አሥር ዓመት ሲሆናቸው ጠበቃ የነበሩት አባታቸው ሞቱ፤ በ1911 ደግሞ እናታቸውን ቸነፈር ወሰደባቸው። ኢታዋ በምትባል ከተማ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው አሊጋር ወደሚገኘው ኮሌጅ ገቡ። ከዚያ ኮሌጅ የወጣ ሰው በእንግሊዝ መንግሥት ቢሮ ጥሩ ሥራ ማግኘቱ የተለመደ ነበር።

በጥቅምት 1920 ማኅተማ ጋንዲ ወደ አሊጋር መጡ። ከቅኝ ገዢው መንግሥት ገንዘብ የሚቀበለውን ትምህርት ቤት ትታችሁ ውጡ ብለው ለተማሪዎቹ ተናገሩ። ዛኪር ሁሴን ያን ጊዜ የ23 ዓመት ወጣት ነበሩ፤ ከፍተኛ ትምህርታቸውን እየተከታተሉ በኮሌጁ ያስተምሩም ነበር። ከጓደኞቻቸው ጋር ወጡ። (ወላጆቻችን አትደንግጡ፤ እኛም ጥለን እንውጣ ማለታችን አይደለም። እነርሱ የወጡት ሌላ ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነው።) በዚያው ወር በ29ኛው ቀን ጃሚያ ሚሊያ ኢስላሚያ ተመሠረተ። ስሙ ብሔራዊ የእስልምና ዩኒቬርሲቲ ማለት ነው፤ መጀመሪያ የነበረው ሀብት ግን ድንኳንና የኪራይ ቤት ብቻ ነው።

በ1922 ዛኪር ሁሴን ወደ ጀርመን ሄዱ፤ በ1926ም በበርሊን ዩኒቬርሲቲ በኤኮኖሚ ትምህርት የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። እዚያ ሳሉ የታላቁን የኡርዱ ባለቅኔ የጋሊብን ግጥሞች በበርሊን ማተሚያ ቤት አሳትመዋል፤ ፊደሉንም በእጃቸው ለቅመው ደርድረዋል።

በዚህ መካከል ትምህርት ቤቱ ሊሞት ተቃርቦ ነበር። ይረዳው የነበረው የፖለቲካ ንቅናቄ ስለ ተዳከመ ገንዘቡ ነጠፈ፤ ተማሪውም መምህሩም ተመናመነ። በ1925 ይዘጋ ወይስ ይቀጥል የሚል ክርክር ተነሣ። ዛኪር ሁሴንና ሁለት ጓደኞቻቸው ከኤውሮፓ ሆነው እስክንመለስ አትዝጉት ብለው ለመኑ። ትምህርት ቤቱ ወደ ዴልሂ ተዛወረ፤ እነርሱም በ1926 ቃላቸውን ጠብቀው ተመለሱ። ዛኪር ሁሴን በ29 ዓመታቸው የትምህርት ቤቱ የበላይ ኃላፊ ሆኑ።

የሚቀጥለው ነገር እኛን ከሁሉ ይበልጥ አስገርሞናል። በ1927 መጨረሻ ላይ ዋናው ደጋፊያቸው ሐኪም አጅማል ኻን ሞቱ፤ ችግሩም ጸና። መምህራኑ ተሰብስበው ሃያ ዓመት ሊያገለግሉ፣ በወር ከ150 ሩፒ በላይ ላይቀበሉ ቃል ገቡ። የበርሊኑ ዶክተር የሚወስዱት ከዚያም ያነሰ ነበር። ይህን ስናነብ አንዷ ጓደኛችን፣ «ልጆቻቸውስ ምን በሉ?» ብላ ጠየቀች። መልስ አልነበረንም፤ ጥያቄዋ ግን ተገቢ ነው እንላለን።

ስለ ልጆቻቸው ከተነሣ ዘንድ አንድ የሚተረክ ነገር አለ። ዶክተሩ ለትንንሾቹ ተማሪዎች ጣፋጭ ሲያድሉ ሰው መጥቶ ሬሃና የምትባለው ትንሽ ልጃቸው መሞቷን በጆሯቸው ነገራቸው። ፊታቸው ገረጣ እንጂ እደላውን አላቋረጡም ይባላል። በኋላ ሲጠየቁም ሕፃናቱ ደስ ብሏቸው ስለ ነበር ደስታቸውን ላፈርስ አልወደድሁም አሉ። አንዳንዶቻችን ይህን ጭካኔ ነው ብለን ነበር። በኋላ ግን ለሕፃናት የጻፏቸውን ተረቶች በስማቸው ሳይሆን ሩቃያ ሬሃና በሚል ስም ያወጧቸው እንደ ነበር አነበብን፤ ከዚያ ወዲህ ጭካኔ ያለ የለም።

በ1935 በዴልሂ ዳርቻ በኦክላ ለአዲሱ ሕንጻ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል፣ ድንጋዩን ያስቀመጠው ሹም ወይም ባለጸጋ ሳይሆን ከተማሪዎቹ ሁሉ ታናሽ የነበረው ልጅ ነው።

በ1937 ጋንዲ በዋርዳ ከተማ የትምህርት ጉባኤ ጠርተው ዶክተር ዛኪርን የኮሚቴ ሊቀ መንበር አደረጓቸው። ኮሚቴው ያቀረበው ዕቅድ ከሰባት እስከ ዐሥራ አራት ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ ያለ ክፍያ በግዴታ እንዲማር፣ ትምህርቱም በእናት ቋንቋው እንዲሆንና እንደ ፈትል ባለ የእጅ ሥራ ላይ እንዲመሠረት የሚል ነው። ጋንዲ የልጆቹ የእጅ ሥራ ተሸጦ የመምህሩን ደመወዝ ይሸፍናል ብለው ተስፋ አድርገው ነበር። በዚህ ላይ ክበባችን ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሾቻችን ትምህርት ቤቱን የሸማኔ ቤት ያደርገዋል እንላለን። ኮሚቴው ራሱም ገንዘቡ ትምህርቱን እንዳይውጠው አስጠንቅቋል።

በኅዳር 1946 ትምህርት ቤቱ እንደ እኛ የምሥረታ በዓሉን አከበረ፤ ሃያ አምስተኛውን ማለት ነው። ሕንድ ለሁለት ልትከፈል ስትል ሂንዱና ሙስሊም የሚጋደልበት ወራት ነበር። በአንድ ሰገነት ላይ ኔህሩም፣ ጂናህም፣ ማውላና አዛድም ተቀመጡ፤ በፖለቲካ የማይስማሙ መሪዎች ለአንድ ትምህርት ቤት ብለው ተሰበሰቡ። ዶክተር ዛኪርም እሳቱን ማን ለኮሰው እያላችሁ አትከራከሩ፣ መጀመሪያ አጥፉት ብለው ለመኗቸው። እሳቱ አልጠፋም። በነሐሴ 1947 እሳቸው ራሳቸው በባቡር ሲጓዙ በፑንጃብ ሊገደሉ ሲሉ አንድ የሲክ መኮንንና አንድ ሂንዱ የባቡር ሠራተኛ አዳኗቸው። በዴልሂ ከተማ የነበረው የትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ቤት ግን ተቃጠለ።

የቀረውን ባጭሩ እንናገር። በ1948 የአሊጋር ዩኒቬርሲቲ ኃላፊ ሆነው በወጣትነታቸው ትተውት ወደ ሄዱት ግቢ ተመለሱ። ከ1957 ጀምሮ የቢሃር አገረ ገዢ፣ ከ1962 ምክትል ፕሬዚዳንት፣ በግንቦት 1967 ደግሞ የሕንድ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ለዚህ ማዕርግ የበቁ የመጀመሪያው ሙስሊም ናቸው። በግንቦት 1969 በሥራ ላይ እንዳሉ ዐረፉ። የተቀበሩት በኦክላ፣ ተማሪዎች በየቀኑ በሚመላለሱበት በጃሚያ ግቢ ውስጥ ነው።