ያልተከራከርንበት ጥያቄ፦ ባርነት በአሜሪካና በኢትዮጵያ ፖለቲካ

በአንበሳሜ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለአካባቢው ሕዝብ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት ሳስተምር ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ «አሜሪካኖች በባርነት ምክንያት ተዋጉ። በእኛም አገር ባርነት ነበረ፤ ታዲያ በእርሱ ምክንያት ለምን አልተዋጋንም?» ይላሉ። አንዳንዱ ይህን የሚጠይቀው የእኛ ባርነት ለስላሳ ነበር የሚል መልስ ጠብቆ ነው። እኔ ዛሬ የማቀርበው መልስ ከዚህ የተለየ ነው።

አስቀድመን አሜሪካን እንመልከት። በዚያ ባርነት የሕግ፣ የድምፅና የወሰን ጉዳይ ነበር። የሰሜን ግዛቶች ባርነትን ሲያስቀሩ፣ ደቡቡ በጥጥ እርሻው ምክንያት ይበልጥ ተጣበቀበት። እ.ኤ.አ. በ1820 የሚዙሪ ስምምነት ባርነት የሚፈቀድበትንና የሚከለከልበትን አገር በካርታ መሥመር ለየ። በ1850 የወጣው ስምምነት ደግሞ ወደ ሰሜን የሸሸ ባሪያ ተይዞ ለጌታው እንዲመለስ የሚያስገድደውን ሕግ አጠነከረ። በ1854 የካንሳስና የነብራስካ ሕግ የቀድሞውን መሥመር ሽሮ ውሳኔውን ለሰፋሪዎች ድምፅ ተወ፤ በካንሳስም ደም ፈሰሰ። በ1857 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በድሬድ ስኮት ጉዳይ ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ሲል ፈረደ። በ1860 የባርነትን መስፋፋት የሚቃወመው አብርሃም ሊንከን ሲመረጥ ሳውዝ ካሮላይና ከኅብረቱ ተገነጠለች፤ ሌሎችም ተከተሏት፤ በ1861 ጦርነቱ ፈነዳ። ከ600 ሺህ በላይ ወታደሮች አለቁ፤ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎችም ከባርነት ወጡ።

ከጦርነቱ በፊት የነበሩትን አርባ ዓመታት ልብ በሉ። ጉዳዩ በምክር ቤት፣ በጋዜጣና በስብከት መድረክ ሲያከራክር ኖሯል። እንደ ፍሬድሪክ ዳግላስ ያሉ፣ ራሳቸው በባርነት የኖሩ ሰዎች፣ በአደባባይ ተናግረዋል፤ ጽፈዋልም።

በእኛ አገር ግን ክርክሩን የሚሸከሙ ሁለት ወገኖች አልነበሩም። የሰሜኑም ሆነ የደቡቡ መኳንንት፣ ቤተ መንግሥቱም ሆነ ባለጸጋው፣ ከባርነት ተጠቃሚ ነበሩ። ፍትሐ ነገሥት ባሪያን ነጻ ማውጣትን በጎ ሥራ ቢያደርገውም፣ የጦር ምርኮኛን በባርነት መያዝን ይፈቅድ ነበር። ንግዱም ከዚህ ሩቅ አልነበረም። ከደቡብ የተፈነገሉ ሰዎች በጎጃም በባሶ ገበያ ይሸጡ ነበር፤ በምዕራብም መተማ ወደ ሱዳን የሚሻገሩበት በር ነበረች። በጥስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ ጎጃምን ከቤጌምድር ያገናኛል፤ በፎገራ ሜዳ ሰሜናዊ ጫፍ ደግሞ የታወቀው የይፋግ ገበያ ነበር። እኛ ዛሬ ሩዝ የምናመርትበት አገር፣ በዘመኑ የነጋዴ መንገድ የሚያቋርጠው አገር ነበር።

ነገሥታቱ ዝም አላሉም። ዐፄ ቴዎድሮስ የባሪያ ንግድን ከለከሉ። ዐፄ ዮሐንስ በ1876 ዓ.ም. ንግዱን ለማስቀረት ከእንግሊዝ ጋር በዐድዋ ውል ተፈራረሙ። ዐፄ ምኒልክም ንግዱን የሚከለክል አዋጅ አወጡ፤ ይሁን እንጂ በዚያው ዘመን ወደ ደቡብ የተደረጉት ዘመቻዎች ብዙ ምርኮኛ ለባርነት ዳረጉ። አዋጁ ንግዱን ሲነካ ባለቤትነቱን አልነካም፤ ነጋዴው ሲከለከል ጌታው በቤቱ ባሪያውን ይዞ ቀጠለ።

ነገሩ የፖለቲካ ጉዳይ የሆነው በ1916 ዓ.ም. ነው። በመስከረም ወር ኢትዮጵያ ወደ መንግሥታት ማኅበር ገባች። ባርነት ደግሞ ለመግባቷ ትልቁ መሰናክል ሆኖ ስለ ነበር፣ በዚያው ዓመት መጋቢት 22 ቀን የባሮች ነጻነት አዋጅ በንግሥት ዘውዲቱና በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ዘመን ታወጀ። አዋጁ ባርነትን በአንድ ጊዜ አልሻረም፤ ነጻነቱን ከጌታው ሞት ጋር አያያዘው፤ ወራሾችም ባሪያውን እስከ 7 ዓመት ሊያቆዩት ይችሉ ነበር። ሆኖም አንድ አዲስ ነገር አመጣ፤ የባርነት ጉዳይ የሚታይባቸው ልዩ ዳኞች ይሾሙ ጀመር።

ጭብጤ እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ የነበረው ጥያቄ «ባርነት ይቅር ወይስ ይኑር?» የሚል ነበር። በእኛ አገር የተተካው ጥያቄ «በአገሩ ላይ ዳኛ የሚሾመው ማን ነው?» የሚል ሆነ። የባርነት ዳኛ ወደ አንድ ጠቅላይ ግዛት ሲገባ የማዕከሉ ሥልጣን አብሮት ይገባል፤ ስለዚህ አዋጁን የሚያስፈጽመው መሳፍንቱን የሚያስገብር መንግሥት ብቻ ነበር።

የእኛ ጠቅላይ ግዛት የዚህ ትግል ዋና ሜዳ ሆነች። የቤጌምድር ገዥና የንግሥቲቱ የቀድሞ ባል ራስ ጉግሣ ወሌ በተፈሪ ላይ ተነሡ፤ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ተዋግተው ወደቁ። በዚያ ውጊያ ከአውሮፕላን ወረቀትም ቦምብም ወርዷል። ቀኑ የነጻነቱ አዋጅ ከወጣ ልክ ስድስተኛ ዓመቱ ነበር። ይህ መገጣጠም አያሳስተን፤ አንቺም የባርነት ጦርነት አልነበረም፤ የሥልጣን ጦርነት ነበር። ነገር ግን በእኔ ንባብ፣ የማዕከሉ አዋጅ በክፍለ ሀገር እንዲሠራ መንገድ የጠረጉት እንዲህ ያሉ ድሎች ናቸው። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. ሌላ አዋጅ ወጥቶ የመቆያውን ዘመን አሳጠረው፤ በቀጣዩ ዓመትም ጉዳዩን የሚከታተል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በባርነት የተያዘው ሰው ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ ተከራካሪ ሆኖ አልቆመም። ጉዳዩ በመሳፍንትና በዘውድ፣ በዘውድና በጄኔቭ መካከል ነበር።

ዳተኛነቱ ዋጋ አስከፈለን። ጣሊያን በነሐሴ 1927 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር ባቀረበችው ክስ ባርነትን ዋና ማስረጃ አደረገችው፤ ጄኔራል ደ ቦኖም በጥቅምት 1928 ዓ.ም. በትግራይ ባርነት ቀረ ብሎ ዐወጀ። ነጻ አውጪ ነኝ ያለው ያው ኃይል በቅኝ ግዛቱ ነጭና ጥቁርን በሕግ ለየ። የወራሪው ክስ ግን ውሸት ብቻ ስላልነበረ ለመመለስ አስቸጋሪ ነበር። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ፣ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ባርነትን ፈጽሞ የሚሽር አዋጅ ወጣ።

እንግዲህ ለተማሪዎቼ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፦ ያልተዋጋነው ባርነታችን ለስላሳ ስለ ነበረ አይደለም፤ ከባለ ሥልጣናቱ መካከል በተቃራኒው የቆመ ወገን ስላልነበረ ነው። ከደም መፋሰስ መዳናችን ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም እንደ አሜሪካ ባለቅን ብሎ አይመኝም። ነገር ግን ከጦርነቱ ጋር ክርክሩም ቀረብን። ሕጉ ተሻረ፤ ሐሳቡ ግን በቤታችን ቀረ።

የት እንደ ቀረ ለማየት ቋንቋችንን መመርመር ይበቃል። «ጨዋ» ዛሬ ሥርዓት ያለው ሰው ማለት ነው፤ ቀድሞ ግን ባሪያ ያልሆነ፣ ከነጻ ወገን የተወለደ ማለትም ነበር። መልካም ጠባይን የምናመሰግንበት ቃል የትውልድ ማዕረግን ተሸክሞ የመጣ ነው። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ ከዚህ ቆጠራ ጎን ለጎን ግን በዝግታ የሚጠየቅ ሌላ ጥያቄ አለ፦ «አጥንቱስ?» በዚህ ጥያቄ ምክንያት የተፋቀሩ ልጆች ይለያያሉ። አዋጁ ከወጣ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ይህን ጥያቄ ግን የሚሽር አዋጅ የለም። የሚሽረው እኛው ነን።

ውድ ተማሪዎች፣ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ርእስ ስትፈልጉ ወደዚህ ጉዳይ ተመልከቱ። በየአድባራቱ በብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተጻፉ የርስት ሽያጭና የኑዛዜ ሰነዶች አሉ፤ ሥራቸው ብቻ የተቆጠረ፣ ስማቸው በግማሽ የተጠቀሰ ሰዎችን ፈልጉባቸው። አረጋውያንን አነጋግሩ፤ ነገር ግን የማንንም ቤተሰብ ስም በጽሑፋችሁ አታውጡ። የምትመረምሩት ሥርዓቱን ነው፤ ጥናታችሁ ራሱ የአጥንት ቆጠራ መሣሪያ ከሆነ ከመሥራቱ አለመሥራቱ ይሻላል።

አባቶችና እናቶች፣ ከእናንተ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ የትዳር አጋሩን ይዞ ሲመጣ፣ ስለ ጠባዩና ስለ ሙያው ጠይቁ፤ ሰባት ቤቱንም ቁጠሩ። ከዚያ ያለፈውን ጥያቄ አትጠይቁ።