ገላን በየወሩ ስለ መመርመር ለመምህራንና ለሽማግሌዎች የተነገረ ቃል

ገበሬ ከብቱን ሳያይ አያሰማራም። በሬው ቢያነክስ ሰኮናውን አንሥቶ ይመለከታል፤ የበቅሎው ጀርባ ቢገጠብ ኮርቻውን አውርዶ ያሳርፈዋል። የገዛ ራሱን ውስጥ እግር ግን ዓመት ሙሉ ሳያየው ይኖራል።

የዚህ ንግግር ነገር ስለ ቆዳ ነቀርሳ ነው፤ ይኸውም ዛሬ ካንሰር የሚባለው ደዌ ነው። ብዙ ሰው ይህ ደዌ በነጮች ላይ ብቻ የሚወጣ ይመስለዋል። እርግጥ ነው፤ የጥቁር ሰው ቆዳ ያለው ቀለም የፀሐይን ጨረር ስለሚከላከልለት ደዌው በእርሱ ዘንድ ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ሜላኖማ የተባለው ክፉው ዐይነት በጥቁር ሰው ላይ ሲወጣ አዘውትሮ የሚወጣው ፀሐይ በማታገኘው ስፍራ፥ ማለት በውስጥ እግር፥ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። ስለዚህ ሰው ሳያየው ያድጋል፤ ቢያየውም እንቅፋት ወይም እሾህ ያቈሰለው ይመስለዋል።

ለዚህም ነገር የጃማይካው ዘፋኝ ቦብ ማርሌይ ምስክር ይሆናል። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1977 ዓ.ም. በቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር የነበረው ቍስል የኳስ ጨዋታ ጉዳት መስሎ ነበር፤ ሐኪሞች በመረመሩት ጊዜ ግን ሜላኖማ ሆኖ ተገኘ። ደዌውም ወደ ሌላው አካል ተዛምቶ በ1981 ዓ.ም. በ36 ዓመቱ ሞተ።

እንግዲህ ምልክቱ ምንድን ነው ቢባል፤ ማርያም የሳመችው የሚባለው ጥቁር ነጥብ አብዛኛው ከሰው ጋራ ኖሮ ከሰው ጋራ የሚያረጅ፥ ጉዳት የሌለው ነው። የሚያሠጋው ግን የሚለወጠው ነው፤ ይኸውም አንዱ ጎኑ ከሌላው የማይመሳሰል፥ ዳርቻው ያልተስተካከለ፥ ቀለሙ የተዘበራረቀ፥ ስፋቱ ከ6 ሚሊሜትር ያለፈ ወይም ከወር ወር የሚሰፋ ነጥብ ነው። ደግሞም በጥፍር ላይ አዲስ ጥቁር መስመር ወጥቶ እየሰፋ ቢሄድ፥ ቍስል ከአንድ ወር በላይ ሳይድን ቢቀር፥ በቀድሞ የእሳት ጠባሳ ላይ አዲስ ቍስል ቢከፈት ለሐኪም ማሳየት ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ መምህር ሊጠነቀቅለት የሚገባው የቆዳ ቀለም ሳይኖረው የተወለደ፥ አልቢኖ የሚባለው ልጅ ነው። ቀለሙ ስለማይከላከልለት ፀሐይ በፊቱ፥ በጆሮውና በአንገቱ ላይ በወጣትነቱ ነቀርሳ ልታወጣበት ትችላለች። እንዲህ ያለው ተማሪ በጥላ ይቀመጥ፤ ሰፊ ባርኔጣና እጅጌው ረዥም የሆነ ልብስ ይልበስ፤ ቆዳውም ከሌላው ልጅ ይልቅ አዘውትሮ ይታይ። ጓደኞቹ ቢዘብቱበት መምህሩ ይገሥጻቸው።

ሰው ገላውን ሳያይ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ በመርሳት ነው፤ ስለዚህ ቀን ይወሰንለት። የወር መባቻ ለማንም የማይረሳ ቀን ነውና፥ በየወሩ መባቻ ማታ እግር ሲታጠብ አጣቢው እግሩን አንሥቶ በመብራት ይመልከተው። ውስጥ እግርን፥ የጣቶችን መካከል፥ ጥፍርንና መዳፍን ይይ። ሰው ራሱ ሊያየው የማይችለውን ጀርባውንና የራሱን ቆዳ ባል ለሚስቱ፥ ሚስትም ለባልዋ ይተያዩ። ዐይኑ ለደከመ ሽማግሌ የልጅ ልጁ ይይለት። ጽሕፈት የተማረውም ልጅ የተገኘውን ነጥብ ስፍራውንና ስፋቱን ከነቀኑ በደብተር ይጻፈው፤ በሚመጣው ወር ከዚያ ጋራ ይመዛዘናል።

የሚያጠራጥር ነገር ቢገኝ በጋለ ብረት መተኰስ፥ በምላጭ መቍረጥ፥ ቅጠል ለጥፎ ወራት ማሳለፍ አይገባም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ማሳየት ነው። ሜላኖማ ጥልቀቱ ከ1 ሚሊሜትር ሳያልፍ ቢገኝ አብዛኛውን ጊዜ ተቈርጦ በመውጣቱ ብቻ ይድናል፤ ወደ ውስጥ ከዘለቀ በኋላ ግን ወደ ንፍፊትና ወደ ሳንባ ይዛመታል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ ይከብዳል። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ መምህሩ ይህን ለተማሪው፥ ተማሪውም ለቤቱ ያድርስ፤ ሽማግሌውም አስቀድሞ የራሱን እግር አሳይቶ ለመንደሩ አርአያ ይሁን።