ቅልጥም ውስጥ የከረመ ብረት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር)



ስለ እግር ስብራት ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምናቆመው ቀዶ ሕክምናው ባለቀበት ሰዓት ነው። ራጅ ይነሣል፣ አጥንቱ ቀጥ ብሎ ይታያል፣ ታካሚው በክራንች ወደ ቤቱ ይሄዳል። ብረቱም አብሮት ይሄዳል። የዛሬው ገለጻዬ ከዚያ በኋላ ስላሉት ዓመታት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሰበታ የመጡ አንድ አባወራ ሱሪያቸውን ሰብስበው ቅልጥማቸውን አሳዩኝ። ቆዳው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ነበረች። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ታዣለች፤ ከመድኃኒት ቤት እንክብል ገዝተው ይውጣሉ፤ ትደርቃለች። «ብርድ ነው፤ ብረቱ ብርድ ይስባል» አሉኝ። በፕላስቲክ ጠቅልለው ያኖሩት የመውጫ ወረቀት የሚለው ይህን ብቻ ነበር፦ «የግራ እግር፣ ብረት ገብቷል፣ 12/3/09»።

ቅልጥም በፊት ለፊትና በውስጥ ጎኑ ከቆዳ በቀር መሸፈኛ የለውም። ጠረጴዛ የገጨው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ስብራቱ በቀላሉ ቆዳ ቀድዶ ይወጣል፣ አፈር ይገባበታል። የታችኛው ሲሶ ደግሞ የደም አቅርቦቱ ስስ ነው። ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ የተቀመጡ ናቸው፤ የጭነት መኪና፣ የባጃጅና የሞተር ብስክሌት አደጋ ምን ዓይነት ስብራት እንደሚያመጣ ለእናንተ መንገር አያሻኝም። ታካሚው አዲስ አበባ ይታከማል፤ ካርዱ እዚያው ይቀራል፤ ቁስሉ ከዓመታት በኋላ ሲያመረቅዝ የሚሄደው ግን በሰፈሩ ወዳለው ጤና ጣቢያ ነው።

በአገራችን በብዛት ከሚገቡት ብረቶች አንዱ ዶክተር ሉዊስ ዚርክል በ1999 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ሳይን የተባለ ድርጅት የሚያቀርበው ዘንግ ነው፤ በጥቁር አንበሳም ተሠርቶበታል። ዘንጉ ድፍን ነው፤ ብሎኖቹም ያለ ቀዶ ሕክምና ክፍል ራጅ፣ በውጭ መምሪያ ክንድ ተለክተው ይገባሉ። ድርጅቱ ታካሚው ቁጢጥ ብሎ ፈገግ ሲል የተነሣውን ፎቶግራፍ እንደ መከታተያ ይጠቀምበታል። ይህን ብልህ አሠራር እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም ዘንጉ የሚገባው ከጉልበት ሎሚ ሥር ስለሆነ ብዙዎች በጉልበታቸው ሲንበረከኩ ያማቸዋል። በእኛ አገር ይህ ቀላል ቅሬታ አይደለም። በዐቢይ ጾም ስግደት ያቃተው ምእመን ወይም ሶላቱን በወንበር ለመስገድ የተገደደ ሰው «አጥንትህ ገጥሟል» ስለተባለ ብቻ ዳነ አይባልም። ዘንጉ ሲወጣ የሚሻላቸው አሉ፤ ሕመሙ የማይለቃቸውም አሉ።

ብረትም ይደክማል። በቀን 5,000 እርምጃ የሚሄድ ሰው እያንዳንዱን እግሩን 2,500 ጊዜ፣ በዓመት ደግሞ ከ900,000 ጊዜ በላይ ይጫናል። አጥንቱ ሳይገጥም ከቆየ ብሎኑ ወይም ዘንጉ ይሰበራል።

ወደ ቀዳዳዋ ልመለስ። ባክቴሪያ ብረት ላይ ከሰፈረ ራሱን በሚያጣብቅ ስስ ሽፋን ይከልላል። እንክብሉ ከሽፋኑ የወጣውን ይገድላል፤ ሥሩ ያለው ይተርፋል። ቀዳዳዋ ስትደርቅ ታካሚውም ባለሙያውም ተሻለ ይላሉ፤ ውስጥ ግን አጥንቱ ቀስ በቀስ ይሞታል። የሱሉልታን ብርድ የቀመሰ ሰው ብረት የገባበት እግር ሲቆረጥመው ቅሬታውን አልንቅም፤ ብዙዎች ነግረውኛል። ብርድ ግን መግል አያወጣም።

አሁን ወረቀቱ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ኅዳር 12 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ከሆነ ማርች 12 ቀን 2009። በሁለቱ መካከል ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል አለ። ሰውየው ራሳቸው «ልጄ ሳይወለድ ነው» ባይሉ ኖሮ አናውቀውም ነበር። የብረቱ ዓይነት አልተጻፈም፤ የብሎን ራስ ደግሞ እንደ አምራቹ ይለያያል። ቀዶ ሕክምና ክፍል የገባነው ሦስት ዓይነት መፍቻ ይዘን ነው። ሁለቱ አልገጠሙም። ሦስተኛውም ባይገጥም ኖሮ አጥንቱን መቦርቦር ነበረብን።

ተማሪዎች እንዳትሳሳቱ፤ ብረት ሁሉ ይውጣ አላልኩም። የማያስቸግርን ብረት መተው በአብዛኛው የተሻለ ነው፤ ከወጣ በኋላ አጥንቱ በብሎኑ ቀዳዳ በኩል ዳግም ሊሰበር ይችላል። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። በመውጫ ወረቀት ላይ የአምራቹ ስም፣ የዘንጉ ርዝመትና ውፍረት፣ የብሎኑ ብዛትና ቀኑ ከነአቆጣጠሩ ይጻፍ፤ ታካሚውም በስልኩ ፎቶ ያንሣው። በጤና ጣቢያ ደግሞ ብረት ያለበት ቅልጥም ሲያዥ ለሦስተኛ ጊዜ እንክብል ከመጻፍ በፊት ራጅ ይታዘዝ፤ ወደ አጥንት ሐኪምም ይላክ።

አባወራው የወጣውን ዘንግ ጠይቀው ወሰዱት። አዲሱን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር። ከጤና ጣቢያ የመጣችሁ ባለሙያዎች ጥያቄ ካላችሁ በእናንተ እንጀምር።