ታሪክን በእጅ ሥራ ስለ መማር
(በሺንሺቾ በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የታሪክ ክበብ ተማሪዎች ለወላጆች ያደረጉት ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆመን የምንናገረው በታሪክ ክበባችን ውስጥ ስለምንሠራው የእጅ ሥራ ነው። በወዲያኛው ክፍል በጠረጴዛ ላይ የተደረደሩትን የጭቃ፥ የቃጫና የሳሙና ሥራዎች ያያችሁ አንዳንዶቻችሁ፥ «ልጆቻችንን ትምህርት ቤት የላክናቸው ጭቃ እንዲያቦኩ ነውን?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትቀሩም። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ እንመልሳለን።

ስለ ላሊበላ በመጽሐፍ ስናነብ፥ ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለው የተሠሩ መሆናቸውን ለፈተና እናጠናለን፤ ፈተናው ሲያልፍ ግን እንረሳዋለን። ነገር ግን አንድ ድፍን የልብስ ሳሙና ይዘን ቤተ ጊዮርጊስን ለመቅረጽ በተቀመጥን ጊዜ ነገሩ ሌላ ሆነ። ግንበኛ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየጨመረ ወደ ላይ ይወጣል፤ የላሊበላ ጠራቢዎች ግን ከላይ ጀምረው እየቀነሱ ወደ ታች ወረዱ። ስለዚህ በሩና መስኮቱ የት እንደሚሆን አስቀድሞ በልብ ማሰብ ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜ የተቈረጠው ተመልሶ አይለጠፍምና። ይህን ያስተማረን ሳሙናው ነው። (ምላጭ የሚይዙት ትልልቆቹ ተማሪዎች ብቻ ናቸው። ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወደ ክበባችን የሚመጡት ትንንሽ ልጆች በማንኪያ ጫፍ ይፍቃሉና ወላጆች አትሥጉ።)

በሆሳዕናና በቡታጅራ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ጢያን ሳያልፍ አይቀርም። እዚያ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፤ ከነዚህም 32ቱ ቅርጽ አለባቸው፤ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። በጭቃ አስመስለን ስንሠራቸው ሰይፎቹን አንድ በአንድ መቍጠር ግድ ሆነብን። የቀሩት ምልክቶች ምን ማለት እንደ ሆኑ ሊቃውንቱም ገና አልፈቱትም። በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ሲያዩት ይህ ሁሉ ጥያቄ አይመጣም።

እንሰት ግን ከጓሯችን የሚገኝ ነው። እናቶቻችን ግንዱን ከፍለው በዘንበል ያለ ሳንቃ ላይ በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቁታል፤ ሥጋው በጕድጓድ ተብላልቶ ቆጮ ይሆናል፤ ከጭማቂው የሚዘቅጠው ነጩ ቡላ ነው፤ የሚቀረው ክር ደግሞ ቃጫ። ይህን እያየን ስናድግ ታሪክ ነው ብለን አስበን አናውቅም ነበር። በክበባችን እናቶችን ለምነን መፋቂያውን ራሳችን ያዝን። ሥራው በልማዳችን የሴቶች ስለ ሆነ፥ ነክተውት የማያውቁት ወንዶች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወገባቸውን ያዙ፤ ሴቶቹም በደንብ ሳቁባቸው። ከዚያ ቀን በኋላ «ቆጮ የት አለ?» ብሎ በቁጣ የሚጠይቅ ወንድም በየቤቱ መቀነሱን ሰምተናል።

በቃጫው ገመድ ከገመድን በኋላ ካርታ ዘረጋን። በሩቅ ምሥራቅ በፊሊፒንስ አገር አባካ የሚባል የእንሰትና የሙዝ ዘመድ የሆነ ተክል አለ፤ የዚያ አገር ሰዎችም ግንዱን ፍቀው ክር ያወጣሉ። የማኒላ ገመድ ተብሎ በዓለም የታወቀው፥ ለመርከብ ማሰሪያ ብዙ ዘመን ያገለገለው ገመድ ከዚሁ ክር የተሠራ ነው። ጣና ላይ ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም የጥንት ግብፆች ወረቀት የሠሩበት ተክል ነው። እንግዲህ ፊሊፒንስን ማንም ከኛ የማይረሳት በእጁ ላይ ባበጠው ውኃ መቍጠር ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ጭቃው እንመለስ። ልጆቻችንን የላክናቸው ለፊደል ነው ለምትሉን፥ ፊደል ራሱ ከጭቃ ጋር ብዙ ዝምድና አለው። ከ5,000 ዓመት በፊት፥ ዛሬ ኢራቅ በምትባለው አገር፥ የሱመር ሰዎች የገብሱንና የበጉን ሒሳብ በእርጥብ ጭቃ ላይ በሸምበቆ እየወጉ ይጽፉ ነበር። የአክሱምንም ዘመን ሊቃውንቱ ከሚለዩባቸው ነገሮች አንዱ ከመሬት የሚወጣው ገል ነው።

ስለ ሸክላ ለመማር አንዲት ሸክላ ሠሪ እናት ወደ ክበባችን ጋበዝን። ጭቃው በእሳት እንዳይሰነጠቅ ገል ወቅተው ቀላቀሉበት፤ ያለ መንኰራኵር በእጃቸው ብቻ የእንስራውን ዙሪያ እኩል አድርገው አነሡት፤ በሜዳ እሳት መቼ እንደሚተኰስም ነገሩን። ከመካከላችን ያን የመሰለ ክብ በኮምፓስ እንኳ የሚሠራ አልተገኘም።

ዳሩ ግን አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። በአገራችን በከምባታና በሐድያ፥ በሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል፥ ሸክላ የሚሠሩ፥ ቆዳ የሚያለፉና ብረት የሚቀጠቅጡ ሰዎች ብዙ ዘመን ተንቀው ኖረዋል። እንስራቸው ወደ ቤት ሲገባ እነርሱ ከደጅ ይቀሩ ነበር፤ ከሌላው ጋር ማዕድ አይቀርቡም፥ አይጋቡምም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር ዐዋጅ አስነግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ስድቡ ግን ከሁሉም አፍ አልጠፋም፤ በትምህርት ቤት ግቢም ሲነገር እንሰማዋለን።

አንዲት ጓደኛችን እናቷ ምን እንደሚሠሩ ስትጠየቅ ሁልጊዜ ዝም ትል ነበር። እንግዳችን በመጡበት ቀን ግን፥ ማንም ሳይጠይቃት እጅጌዋን ሰብስባ ጭቃውን እንዴት እንደምናሽ አሳየችን። ዛሬ በጠረጴዛው ላይ ያለውን ትልቁን ጀበና የሠራችው እርሷ ናት፤ ከሳሙናው ቤተ ጊዮርጊስ ይልቅ እርሱን ቀርባችሁ እንድታዩት እንወዳለን።

ከወላጆቻችን የምንለምነው ይህን ነው። በቤታችሁ የማትገለገሉበት የቀርከሃ መፋቂያ፥ የቀንድ ዋንጫ፥ ያረጀ አገልግል፥ የተሰነጠቀም ቢሆን እንስራ ካለ፥ ሳትጥሉ ለክበባችን አውሱን። ያመጣውን ሰውና የሠራውን ሰው ስም ጽፈን እንለጥፍበታለን። የሠሪው ስም ከጠፋባችሁ አያቶችን ጠይቁልን፤ ያለ ሠሪው ስም ከምናስቀምጠው አንድ ሳምንት ብንጠብቅ ይሻለናል። ዕቃውን የምንቀበለው ዘወትር ዓርብ ከትምህርት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ነው።