ነጻውን የሚሸጡልን
(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ናይሮቢ ውስጥ የተደረገ ንግግር)






እኛ ንግግር የለመድን ሰዎች አይደለንም። ኢስሊ ውስጥ በርበሬና ሽሮ፣ ጤፍና ቡና ስንመዝን የኖርን ነን። እኛ ማለታችንም ባልና ሚስቱን ማለታችን ነው፤ ሱቁንም ጥፋቱንም አብረን ይዘናል። ስለ ማኅበሩ ታሪክ ከእኛ የተሻሉ ይናገራሉ። እኛ ከባንኮኒ ጀርባ ቆመን ያየነውን አንድ ነገር እንናገር። ራሳችንንም ስለሚነካ በትዕግሥት አድምጡን።

ብዙዎቻችሁ እንደምታስታውሱት ድሮ ዲቪ የሚሞላው በወረቀት ነበር። ፎቶ ይለጠፋል፣ ፖስታ ይታሸጋል፣ ይላካል። እ.ኤ.አ. በ2003 ለዲቪ 2005 ሲመዘገብ አሜሪካኖቹ ወረቀቱን ተዉትና ሁሉም በኢንተርኔት ብቻ ሆነ። ያን ጊዜ ኮምፒዩተር የሚነካ ሰው በመካከላችን ጥቂት ነበር። ስለዚህ ሞልቶ የሚሰጥ ተፈለገ፤ ሞልቶ ሰጪም ሞላ። ወዲያው ደግሞ የአሜሪካን ባንዲራና ንስር የለጠፉ፣ መንግሥት የሚመስሉ የኢንተርኔት ገጾች መጡ። ያን ጊዜ መመዝገቢያው በነጻ ሆኖ ሳለ እነሱ ያስከፍሉ ነበር። «ዕድልዎን እናበዛለን» ይላሉ። ዕጣውን የሚያወጣው የመንግሥት ኮምፒዩተር ነው፤ ገንዘብ የከፈለም ያልከፈለም እኩል ነው። እንዲያውም አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ከተመዘገበ ይሰረዛል። ዕድል አበዛልን ያልነው ዕድላችንን ሊያጠፋው ይችላል።

አንድ ቀን አንድ ሰው ማስታወቂያ ይዞ መጣ። ሱቃችን በር ላይ እንድንለጥፍለት፣ በእኛ በኩል ለሚመጣ ሰው ሁሉ መቶ ሽልንግ እንደሚሰጠን ነገረን። እኛም ለጠፍን። ገጹ የማን እንደሆነ አልጠየቅንም። ባንዲራውን አይተን አመንን፤ መቶዋንም ወደድናት።

እ.ኤ.አ. በ2014 በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ እያለቀሰች ሱቃችን ገባች። ከወር ደመወዟ 1,500 ሽልንግ ከፍላ አስሞልታ ነበር። ከወራት በኋላ ተደውሎ «ደርሶሻል፤ የማረጋገጫ ቁጥሩን ለማግኘት 2,000 ዶላር አምጪ» ተባለች። ከ2011 ወዲህ ዕጣው መድረሱ የሚታየው መዝጋቢው ራሱ የማረጋገጫ ቁጥሩን አስገብቶ በመንግሥቱ ገጽ ላይ ሲያይ ነው። ቁጥሩ የጠፋበት ሰው ሲመዘገብ የሰጠውን ኢሜይል፣ ስሙንና የልደት ቀኑን አስገብቶ ሊያገኘው ይችላል። የእሷ ቁጥር ግን በእነሱ እጅ ነው፤ ኢሜይሉም የራሳቸው ነበር። ደርሷት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቀችም። ያን ቀን የተናገረችን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጋሼ፣ እትዬ፣ እናንተ በር ላይ ተለጥፎ ባየው ጊዜ እኮ ነው ያመንኩት» አለችን።

የከፈለችውን 1,500 መለስንላት። ቁጥሩን ግን ከየት እናምጣ? ማስታወቂያውን ቀደድነው። በሩ ላይ ያለውን የሙጫ ምልክት ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት እናየዋለን።

ወገኖቻችን፤ «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» ይባላል። ለምንድን ነው በነጻ ላለ ነገር የምንከፍለው? እኛ ነጋዴዎች መልሱን እናውቀዋለን። ሰው ነጻ ነገርን ይጠራጠራል፤ ዋጋ ሲሰማ ግን ልቡ ይረጋል። ስደተኛ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። ቢሮ ያስፈራዋል፣ ቋንቋው ይከብደዋል፣ «ያለ ሰው አይሆንም» ብሎ ያምናል። እነሱም የሚነግዱት በዚህ ፍርሃት ነው።

አገራችን ፍርድ ቤት በር ላይ ጥላ ዘርግቶ የሚቀመጥ ማመልከቻ ጻፊ አለ። የጉልበቱን ይቀበላል፣ ሰውዬውም ማመልከቻውን ይዞ ይገባል። ጻፊው ዳኛ ነኝ አይልም፤ ወረቀቱንም ደብቆ አያስቀርም። እንዲህ ላለው ሠርቶ አዳሪ መክፈል ነውር የለውም። ነውሩ የመንግሥትን ልብስ ለብሶ ነጻውን በር መሸጥ ነው።

ነገሩ ደግሞ በዲቪ ብቻ አልቀረም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ቪዛን አስቀርታ በኢንተርኔት የሚወሰድ የጉዞ ፈቃድ ስታመጣ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በዚያው ወር ከዚህ ነጻ ተደርጓል። ሆኖም በዚያው ዓመት ለልጃቸው ሠርግ ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት እናት፣ ዘመድ በስልኩ ፈልጎ 85 ዶላር ከፍሎላቸው አገኘናቸው። ኤርፖርት ላይ ወረቀቱን የጠየቃቸው የለም። የስደተኞች ጉዳይም እንደዚሁ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን የሚሰጠው አገልግሎት ሁሉ በነጻ ነው። ምዝገባም ሆነ ወደ ሦስተኛ አገር መዛወር አይሸጥም። «ስምህን ላስገባልህ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው።

ስለዚህ ጥቂት ነገር እናሳስብ።

አንደኛ፣ የገጹን አድራሻ መጨረሻ ተመልከቱ። የአሜሪካ መንግሥት ገጽ በ«ዶት ጎቭ» ያበቃል፤ የኬንያው በ«ዶት ጎ ዶት ኬኢ»፣ የአገራችን ደግሞ በ«ዶት ጎቭ ዶት ኢቲ»። ባንዲራ ማንም ይለጥፋል። ፍለጋ ላይ ከሁሉ በላይ የሚወጣውም ብዙ ጊዜ ለማስታወቂያ የከፈለው ነው።

ሁለተኛ፣ ማንም ቢሞላላችሁ ኢሜይሉ የራሳችሁ ይሁን፤ የማረጋገጫ ቁጥሩን ሳትይዙ ከወንበራችሁ አትነሡ።

ሦስተኛ፣ «ዲቪ ደርሶሃል» የሚል ኢሜይል ቢመጣ አትመኑ። የአሜሪካ መንግሥት ለባለዕድል በኢሜይል አያበስርም።

አራተኛ፣ ደንቡ ስለሚለዋወጥ በየጊዜው ጠይቁ። ለዓመታት ነጻ የነበረው የዲቪ ምዝገባ እ.ኤ.አ. በ2025 አንድ ዶላር እንዲከፈልበት ተደንግጓል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ደግሞ ፕሮግራሙ እንዲታገድ መታዘዙ ተነግሯል። በሩ ሲዘጋም ግን ደላላው ገንዘብ መቀበሉን አይተውም። ዛሬም «አንድ ዶላር ነው» ባሉት ላይ ሃምሳ ጨምሮ የሚጠይቅ አይጠፋም።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ እናቅርብ። ልጆቻችን ኮምፒዩተር የሚያውቁ ሆነዋል። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ልጆች በማኅበሩ ቢሮ ተቀምጠው፣ ፎርም ለሚቸግረው ሁሉ ያለ ክፍያ ቢሞሉስ? ኮምፒዩተሩንና ወረቀቱን እኛ እንችላለን። ይህን የምንለው ለጋስ ስለሆንን አይደለም፤ ያቺ መቶ ሽልንግ ዕዳ ሆናብን ነው።

ማኅበራችን 25 ዓመት የቆመው አንዱ ሲሞት ሌላው እየቀበረ፣ አንዱ ሲታሰር ሌላው እያስፈታ ነው። አንዱ ሲታለልም ሌላው ቀድሞ «ተው፣ ይሄ ነጻ ነው» የሚልበት ይሁን።