ፊደላችንና የመጀመሪያዎቹ ኮምፒዩተሮች ቀለም

(በቴፒ ግቢ ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



«ፊደላችን ስለ በዛ ኮምፒዩተር አልቀበለው አለ» ሲባል ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ነገሩ በሒሳብ የሚታይ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ሒሳቡን አብረን እንድንሠራ እለምናችኋለሁ።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 የአይ ቢ ኤም የግል ኮምፒዩተር ሲወጣ፥ ሲ ጂ ኤ የተባለው የቀለም ካርዱ ለመስኮቱ የነበረው ማኅደረ ትውስታ 16 ኪሎባይት ብቻ ነበር። በወርድ 320፥ በቁመት 200 ነጥብ ቢደረደር 64,000 ነጥብ ይሆናል። ለአንዱ ነጥብ 2 ቢት ቢሰጥ 16,000 ባይት ይፈጃል፤ ማኅደሩ በዚሁ ሞላ። 2 ቢት ደግሞ ከ4 ቀለም በላይ አይቆጥርም። ከተዘጋጁት የቀለም ምድቦች አንዱ አረንጓዴ፥ ቀይና ቡናማ ሲሆን፥ አራተኛው የሥዕሉ መደብ ነው። መቼም ለእኛ አገር የተመረጠ ይመስላል! ጥሬው ፍሬ፥ እሸቱ ቡናና ጀንፈሉ በአንድ ሥዕል ይወጣሉ። ነጩን የቡና አበባ ለመጨመር ግን መደቡን ራሱን ነጭ ማድረግ ግድ ነው። ነጥቡን ወደ 640 በ200 ያበዛ ሰውማ ለአንዱ ነጥብ 1 ቢት ብቻ ስለሚደርሰው፥ ቀዩን ፍሬ ከአረንጓዴው አይለይም።

ወደ ፊደል እንምጣ። ጽሑፍ ብቻ ሲታይ ማሽኑ ለአንዱ ፊደል 2 ባይት ይመድባል፤ አንዱ የፊደሉ ቍጥር፥ ሁለተኛው የቀለሙ። አንድ ባይት የሚቆጥረው እስከ 256 ነው። እኛ 33ቱን በሰባት ብናባዛ 231፤ እነ ቋንና ጓን 20፥ አኃዙን 20 ብንጨምር 271 ይሆናል። ላቲኑ ገና አልገባም።

በ1984 ኢ ጂ ኤ፥ በ1987 ቪ ጂ ኤ ሲመጡ 512 ቅርጽ መያዝ ተቻለ። ዳሩ ግን ለተጨማሪው የሚያስፈልገው 1 ቢት የሚነሣው ከቀለሙ ባይት ላይ ነው፤ የፊደሉ ቀለም ከ16 ወደ 8 ይወርዳል። እኔ ይህን እንደ ጉዳት አልቆጥረውም። ደብተሮቻችን በጥቁርና በቀይ ብቻ ስንት ብራና ጽፈዋል!

ሌላው መንገድ ፊደሉን በነጥብ መሣል ነበር። አንዱ ፊደል 16 በ16 ቢሆን፥ በ640 በ200 መስኮት 12 መስመር፥ በየመስመሩ 40 ፊደል ይገባል። ላቲኑ በዚያው መስኮት 25 መስመርና 80 ፊደል ነበረው። እንደ አቶ ፍስሐ አጥላው ያሉ በአሜሪካ የነበሩ ኢትዮጵያውያን በ1980ዎቹ ለፊደላችን የደከሙት በእንዲህ ያለ ጥበት ዘመን ነው። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 የእኛን 345 ፊደላትና ምልክቶች ሲመዘግብ፥ የአንድ ባይቱ አጥር ቀረ።

እንግዲህ «ፊደሉ ይቀነስ» የሚል ጓደኛ ካለ፥ ከ512 የሚያልፉትን የዐማርኛ ፊደላት ቆጥሮ ያሳየን። ጠመኔው እዚሁ ነው።