ዝናብ ያልመለሳቸው ተመልካቾች

ዛሬ የማነሣላችሁ አሽከርካሪውን ሳይሆን መንገድ ዳር ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የመኪና ውድድር ለብዙ ዓመታት በፋሲካ ሰሞን፣ ትልቁ ዝናብ ሲገባ ይካሄድ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1963 ከተነሡት 84 መኪኖች የጨረሱት 7 ብቻ ናቸው፤ በ1968 ደግሞ ከ93ቱ፣ እንደገና 7። ሁለቱንም ጊዜ ኒክ ኖዊኪና ፓዲ ክሊፍ በፔዦ 404 አሸነፉ።

ጭቃ የያዘውን መኪና ገፍተው የሚያወጡት ግን ብዙ ጊዜ ውድድሩን ለማየት የወጡ የመንደር ሰዎች ነበሩ። ይምጣ ይቅር የማይታወቅ መኪና ዝናብ እየመታቸው ይጠብቃሉ፤ ሲመጣም ትከሻቸውን ይሰጣሉ። ስማቸው በውጤት ዝርዝር የለም። ለእኔ ግን የድሉ ግማሽ የእነሱ ነው። እናንተም ዛሬ ጭቃ የያዘው መኪና ካያችሁ፣ እባካችሁ ወርዳችሁ ግፉ።